የሞፋት ሦስት ቅዳሜዎች

ሞፋት ካፓምብዌ የገዛ ሸሚዙን ሲተኩስ ሚስቱ ኤክሲልዳ ያየችው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። በሠላሳ ሁለት ዓመት ትዳራቸው ይህ ሰው ካውያ ጨብጦ አያውቅም። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፎ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ብቅ አድርጎ፣ ነጩን ሸሚዝ አራስ ልጅ እንደሚያገላብጥ ሰው በፍርሃት ያገላብጠዋል። «አምጣ ልተኩስልህ» አለችው። «ተዪው፣ ጨርሻለሁ» አላት ቀና ሳይል። አልጨረሰም፤ ግራ እጅጌው ገና እንደተጨማደደ ነበር። እንደዚያው ለበሰው። በማግስቱ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነት የሚሾምበት ቀን ነው፤ ለሹመቱ የተሰፋው ግራጫ ሱፍ ከእነላስቲኩ መኝታ ቤት ተሰቅሏል። ሸሚዙ ለነገ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልገረማት። ግን ለዛሬ ነው የለበሰው።

ቁርሱን ሳይነካ መታጠቢያ ቤት ገባና ቧንቧውን ከፈተ። ኤክሲልዳ ሳህኖቹን እንደምታነሳ ሆና በሩ አጠገብ ቆመች። ውሃው ይወርዳል፣ ግን እጅ የሚታጠብ ሰው ድምፅ የለም። «አዎ፣ ዛሬ እመጣለሁ» ይላል ሞፋት በሹክሹክታ። «አይ፣ ለሚስቴ አልነገርኳትም… እንዴት ብዬ እነግራታለሁ? ይህን ነገር ግን ከዚህ በላይ መሸከም አልችልም።» ከስልኩ ውስጥ ቀጭን ድምፅ መለሰለት። የሴት ድምፅ ነው። ኤክሲልዳ ሳህኖቹን ይዛ ወደ ማድቤት ተመለሰች፤ አንዱን ሳህን ሦስት ጊዜ አጠበችው።

ያለፉት ሁለት ቅዳሜዎች ተራ በተራ ፊቷ ድቅን አሉ። የቤተ ክርስቲያኑን ሕንፃ ጡብ ለማየት ነው እያለ ነበር የሚወጣው፤ ሲመለስ ግን ጫማው ቀይ አቧራ፣ ኮቱ የከሰል ጭስና የማታውቀው ሰፈር ሽታ ይዞ ነው። ምግብ ቀንሷል። ሌሊት ይገላበጣል። መጀመሪያ ታሞ የደበቃት መስሏት መድኃኒት ፍለጋ ኪሱን በረበረች፤ የሚኒባስ ሳንቲም እንጂ ምንም አላገኘችም። ከማዕድኑ ጡረታ ከወጣ አራት ዓመት የሆነው፣ ስድሳን የተሻገረ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰውዬ ውሽማ ይይዛል ብሎ ማሰብ ያስቃል። ግን እሷ ራሷ ሐሙስ ሐሙስ የምታስተምራቸው ሴቶች በየተራ እንባ እያፈሰሱ የነገሯት ባሎች ሁሉ ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር። «ጡቡን ለማየት ሄድኩ» አላት ከበሩ። «ደህና ግባ፣ የካሱባ አባት» አለችው በልጃቸው ስም ጠርታ። እስኪታጠፍ ጠብቃ ሻሿን አሰረችና ከኋላው ወጣች።

የቺምዌምዌ መንገድ ቅዳሜ ጠዋት ሰው ይበዛበታል፤ ለመከታተል ይመቻል። እሱ ቀድሞ በተነሳው ሚኒባስ ገባ፤ እሷ ቀጥሎ ባለው። ከጎኗ የተቀመጠችው ግን የመዘምራኗ ፌቢ ሆና ቁጭ አለች። «እትዬ ኤክሲልዳ! የሐሙሱ ትምህርትሽ እኮ እንቅልፍ ነሳኝ» አለች ፌቢ ጮክ ብላ። «ሙሉ መታዘዝ! ዘጠና ዘጠኝ እጅ ታዝዞ አንዷን እጅ መንሳት እንቢታ ነው ያልሽውን ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ሳነብለት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹እንድታዘዝ የምትፈልጊው ለእግዚአብሔር ነው ወይስ ለአንቺ?›» ሚኒባሱ ሳቀ። ረዳቱ ሳይቀር፣ «እማማ፣ ባልየው እውነቱን ነው፤ አሁን ሒሳብ በመክፈል ታዘዙ» ብሎ እጁን ዘረጋ። ኤክሲልዳ አሥራ አምስት ክዋቻዋን ሰጥታ እንደምንም ፈገግ አለች። ፌቢ የነገን ልብስ፣ የነገን ዳቦ፣ የነገን መዝሙር ታወራለች። ኤክሲልዳ ዓይኗን ከፊት ካለው ሚኒባስ የኋላ መስታወት ላይ አልነቀለችም።

ቺሶኮኔ ገበያ ውስጥ ሞፋት ጠፍቶባት ነበር። በልባሽ ጨርቅ ክምሮች መሐል እየተሽሎከሎከች ስትፈልገው ዶሮ ተራ አገኘችው። አንድ ቀይ አውራ ዶሮ በእግሩ አንጠልጥሎ፣ እያገላበጠ፣ ዋጋ ይጠይቃል። ለገዛ ቤቱ ዶሮ ግዛ ሲባል በዋጋው የሚማረር ሰው! ሞፋት ዶሮውን ረጅም ጊዜ ተመለከተና መልሶ አስቀመጠው፤ ሻጩ ከኋላው ሲሳደብበት ዘወር ሳይል ባዶ እጁን ወደ ኢፑሱኪሎ የሚሄደው ሚኒባስ ገባ። ባዶ እጁን መሄዱ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ባዶ እጅ የሚገባው ቤተኛ ነው። በሚቀጥለው ሚኒባስ ተከተለችው።

ኢፑሱኪሎ አስፋልት የለም። ጭቃ ጡብ ቤቶች፣ በድንጋይ የተጫኑ ቆርቆሮዎች፣ ቀይ አቧራ። ሞፋት አንድ የማንጎ ዛፍ ያለበት ቤት ደጃፍ ደረሰና ቆመ፤ ኮሌታውን ነካካ፤ የተጨማደደውን እጅጌ በመዳፉ አስተካከለ። በሩ ሳያንኳኳ ተከፈተ። በወገቧ ጨርቅ ያሸረጠች ሴት ወጣች፤ እጁን በሁለት እጇ ይዛ አስገባችው። ኤክሲልዳ ማዶ ካለችው ቲማቲም ሻጭ ጥላ ሥር ገብታ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች።

«ክምሩ አሥር ክዋቻ ነው እናቴ። ልመርጥልዎት?» አለች ሻጯ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ወሬ የራባት ሴት ነበረች። የኤክሲልዳን ዓይን ተከትላ ወደ ማዶ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰውዬውን ነው የሚያዩት? እኛም ግራ ገብቶናል። ሦስተኛ ቅዳሜው ነው። ከባለፈው ሳምንት በፊት ባለው ቅዳሜ መጣና እዚያ ማንጎው ሥር አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ፣ በሩን ሳያንኳኳ ሄደ። ሌባ ነው አልን። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከሴትየዋ ከሮዳ ጋር ደጃፍ ላይ ተነጋገረ፤ ሮዳ አለቀሰች። ያኔ ጎረቤቴ ፓስተር ነው አለች፣ እኔ መሬት ሊወስድ የመጣ የመንግሥት ሰው ነው አልኩ። ተወራርደናል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ሴትየዋ ባል የላትም?» አለች ኤክሲልዳ።

«አላት እንጂ! ሲንካላ። ጎማ የሚለጥፈው ሽማግሌ። ዛሬ እሱም ቤት ነው።»

ሲንካላ። ይህ ስም በኤክሲልዳ ቤት ከተጠራ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሲንካላ የማዕድኑ ኩባንያ የዕቃ መጋዘን ኃላፊ ነበር፤ ሞፋት በሥሩ መዝገብ ያዥ፤ የኤክሲልዳ ታናሽ ወንድም ቻንሳ ደግሞ በእሷ ልመና የገባ የሃያ ዓመት የቀን ሠራተኛ። አንድ እሑድ የመዳብ ገመድ ከመጋዘኑ ተሰርቆ ወጣ። ያን ቀን ቁልፉ ለጽዳት ተብሎ ቻንሳ እጅ ነበር፤ ከመጋዘኑ ሰዎች ይህን የሚያውቀው ሞፋት ብቻ ነው። በምርመራው ዋዜማ ኤክሲልዳ ባሏ እግር ሥር ተንበርክካ፣ «እናቴ እሱን በእጄ ላይ ጥላ ነው የሞተችው» አለችው። በማግስቱ ሞፋት ቁልፉ በሲንካላ እጅ እንደነበር ተናገረ። ሲንካላ አራት ወር ታሰረ፤ ከሥራ ወጣ፤ ኩባንያው ቤቶቹን ለሚኖሩባቸው ሠራተኞች በርካሽ ሊሸጥ ሁለት ወር ሲቀረው የቺምዌምዌ ቤቱን ለቀቀ። እሷ ነገሩ ሳይገለጥ ስላለፈ ሦስት ቀን ጾማ እግዚአብሔርን አመሰገነች። ምስጋናው ተቀባይነት ያገኘ መስሏት ነበር።

ውሽማ ብትሆን ኖሮ ይሻላት ነበር። ከውሽማ ጋር እንዴት እንደሚጣሉ ታውቃለች። ተነስታ ወደ ሚኒባሱ ጥቂት ተራመደች፤ ከዚያ ሞፋት በዚህች ደቂቃ ውስጥ ምን እየተናገረ እንደሆነ አሰበች፤ የወንድሟን ስም ሳያነሳ ልትደርስበት ጨርቋን ሰብስባ መንገዱን ተሻገረች። ወደዚያ ቤት የገባችው አፉን ልታስዘጋ ነው። በኋላ ለራሷ ስታስበው ይህን ልትክደው አልሞከረችም።

ክፍሉ አንድ ነው። ከጣራው ሥር ውሃ እንዳያንጠባጥብ ፕላስቲክ ተወጥሯል፤ ግድግዳው ላይ ስምንት ዓመት ያለፈው ቀን መቁጠሪያ አለ፤ የብስክሌት ከመነዳሪዎች በምስማር ላይ እንደ ሥጋ ተንጠልጥለዋል። ሲንካላ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አንዱን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። ፀጉሩ እንደ ጥጥ ነጥቷል። ሞፋት መሐል ወለሉ ላይ ቆሟል፤ ተቀመጥ አላሉትም ወይም ብለውት እንቢ ብሏል። «…ለመርማሪዎቹ ቁልፉ አቶ ሲንካላ ጋ ነው ያልኩት እኔ ነኝ» ይላል። «እርስዎ ጋ እንዳልነበረ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው የዋሸሁት።»

ሲንካላ መፈግፈጉን አላቆመም። «ይህን እኔም አውቀዋለሁ። እኔ ጋ እንዳልነበረ ከአንተ በፊት የማውቅ እኔ ነኝ። የማላውቀውን ንገረኝ፤ ማን ጋ ነበር?» ከዚያ በሩ ላይ የጨለመውን ጥላ አየና ቀና አለ። «ይህቺ ደግሞ ማን ናት?»

ሞፋት ዞረ። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። «ባለቤቴ ናት» አለ።

«ምስክር ይዘህ መጣህ?»

«አላመጣኋትም።»

«እና ምን ትሠራለች?» ሲንካላ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየ። «ምንድነው የፈለጋችሁት? ቤቴን ወሰዳችሁ፣ ስሜን ወሰዳችሁ፤ የቀረኝ ይህ የጎማ ማጣበቂያ ነው። ሰው እንደ ነገረኝ ነገ ሊሾሙህ ነው። ለሹመትህ ታጥበህ ልትቀርብ ነው የመጣኸው? እኔ የእጅ መታጠቢያህ ነኝ?»

«ሹመቱን ሐሙስ ለፓስተሩ መልሼለታለሁ» አለ ሞፋት። «ዶሮ እንኳ ይዤ ልመጣ አስቤ ነበር። ሊገዛን መጣ ይላሉ ብዬ ተውኩት።»

ኤክሲልዳ ይህን አልሰማችም ነበር። ሐሙስ። ሐሙስ እሷ አዳራሹ ውስጥ ስለ ሙሉ መታዘዝ እያስተማረች፣ ሴቶቹ እየጻፉላት፣ ባሏ ከግድግዳው ማዶ ፓስተሩ ቢሮ ተቀምጦ ሹመቱን ይመልስ ነበር ማለት ነው። ሹመቱን የሚያህል ነገር ሳያማክራት! ለመቆጣት አፏን ልትከፍት ስትል የቤቱ ባለቤት ሮዳ ከማድጋው ውሃ ቀድታ መጣች። የመጣው ማንም ይሁን ማን፣ እንግዳ ውሃ ሳይቀምስ አይቆምም። ሮዳ ሁለት ጉልበቷን መሬት አስነክታ ኩባያውን በሁለት እጇ ዘረጋችላት፤ ወጉ ነው፤ ኤክሲልዳ ራሷ ስንት እንግዳ እንዲህ ተቀብላለች። ኩባያውን ተቀበለች። ጉንጯ ሞላ፤ አልወረደላትም። ያቺን የተንበረከከች ሴት ቁልቁል ስታያት፣ እሷ በባሏ እግር ሥር የተንበረከከችበት ምሽት መጣባት፤ ይህች በባሏ ላይ ላስፈረደች ሴት ትንበረከካለች፣ የዚያን ምሽቷ ኤክሲልዳ ግን በሌላ ሰው ላይ ለማስፈረድ ነበር የተንበረከከችው።

ሮዳ ከተነሳች በኋላ ረጋ ብላ ተናገረች። «ልጆቼ የሌባ ልጅ ሲባሉ መጀመሪያ የሰማሁት በእናንተ ቤተ ክርስቲያን የሕፃናት ክፍል ነው። ያኔ እዚያ ነበርን እኮ። ከመባው ጥቂት ሳንቲም ጎደለ ተብሎ የልጄ ኪስ ብቻ ተፈተሸ። የሌላ ልጅ ኪስ ማንም አልነካም። ከዚያ ወዲህ አልሄድንም።»

«እኔ የመጣሁት የራሴን ውሸት ልናገር ነው» አለ ሞፋት። «የሰውየውን ስም… ላልጠራው ቃል ገብቻለሁ።»

«ግማሽ ይዘህ ነዋ የመጣኸው!» ሲንካላ ከመነዳሪውን አነሳለት። «ሁለት ቦታ የተበሳ ጎማ አንዱን ለጥፌ ብልክህ የት ድረስ ትሄድበታለህ?»

ውጭ ቲማቲም ሻጯ ደንበኛ ትጣራለች። ሞፋት ወደ ሚስቱ አላየም፤ ሆን ብሎ ነው ያላየው፤ ሊያስገድዳት እንዳልፈለገ ገባት፤ ይህም እንደ መገደድ ሆነባት። ውሃውን ዋጠችው። «ቻንሳ ነው» አለች። «ወንድሜ ነው። ቁልፉ እሱ ጋ ነበር። ባሌን ዝም በል ያልኩትም እኔ ነኝ።»

የሲንካላ እጅ ቆመ። «ቻንሳ» አለ ቀስ ብሎ። «ያ የሲሚንቶ መደብሩ ባለቤት? ባለፈው ዓመት ዋናው መንገድ ላይ ጎማው ተንፍሶበት ለጥፌለታለሁ። ጉርሻም ሰጠኝ።» የሳቀ መሰለ። ከዚያ ከመነዳሪውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠና ወደ በሩ ተመለከተ። ይቅር አላላቸውም። አልረገማቸውምም። «እዚህ ቤት የሰማነው አራት ሰዎች ነን» አለ በመጨረሻ። «ሌባ ስባል የሰማው ግን አራት ሰው አልነበረም። ነገ ቤተ ክርስቲያናችሁ ይሞላል አሉ። እዚያ ተናገሩት። ያኔ መጥታችሁ ይቅርታ ጠይቁኝ፤ አሁን ሂዱልኝ።»

ማንጎው ሥር ሲደርሱ ኤክሲልዳ፣ «ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

«ብነግርሽ እንጸልይበት ትዪኝ ነበር» አለ ሞፋት። «ካሱባ በተወለደ ጊዜ ላነሳው ሞከርኩ፣ እንጸልይበት አልሽ። እናቴ ስትሞት አነሳሁት፣ እንጸልይበት አልሽ። አንቺ እንጸልይበት ካልሽ ነገሩ ተቀበረ ማለት ነው፣ የካሱባ እናት። በመጨረሻ ሽማግሌ ሁን ሲሉኝ፣ ለእግዚአብሔር እሺ ያላልኩትን አንድ ነገር ይዤ በስሙ ሌላውን እንዴት እመክራለሁ ብዬ ፈራሁ። አልኮራሁም፤ ፈራሁ ነው የምልሽ።»

በሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ሰው ብዙ ጊዜ ዘንግታዋለች፤ እሱ የሚታዘዝ፣ እሷ የምትመራ ሆነው ኖረዋል፤ እሷ የምታስተምር፣ እሱ ወንበር የሚደረድር። አሁን የተጨማደደ እጅጌውን እያየች፣ ማን የበሰለ እንደነበረና ማን ገና ጥሬ እንደሆነ ሲገባት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ገበያው ጋ ሲደርሱ፣ «አንተ ቤት ግባ» አለችው። «እኔ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ። ነገ ከሰው ፊት ከሚሰማው ዛሬ ከእኔ ይስማ።» አብሬሽ ልምጣ አላት። አይሆንም አለችው።

የቻንሳ ቤት ፓርክላንድስ ነው፤ ባለ ግንብ አጥር፣ ባለ ሁለት በር፣ ሳሎኑ የቆዳ ሶፋ። ቻንሳ እህቱን ሲያይ እንደ ልማዱ እጁን ዘርግቶ ተቀበላት። «እትዬ! በሬው እኮ ታረደ! ነገ ለባልሽ ያዘጋጀሁትን ድግስ ስታዪ ትገረሚያለሽ። የበቆሎ ንሺማውን የሚያገነፉ አሥር ሴቶች ቀጥሬያለሁ።» ክፉ ሰው አይደለም ቻንሳ። የቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ የቆመው በእሱ ሲሚንቶ ነው። እሷን ጆሃንስበርግ ልኮ ዓይኗን በቀዶ ጥገና ያሳከመው እሱ ነው፤ ያ ባይሆን ኖሮ ዛሬ ባሏን በገበያ መሐል ባልተከተለችውም ነበር። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሲንካላ ቤት እንደነበረች፣ ስሙን እንደጠራች፣ ነገም እንደምትጠራው ነገረችው።

ቻንሳ ከመቆጣቱ በፊት ጠረጠረ። በሩን ዘጋ። «ማነው የላከሽ? ፓስተሩ ነው? የኮሚቴ ሊቀ መንበርነቱን ሊነጥቀኝ የሚፈልግ እንዳለ አውቃለሁ። ወይስ ሞፋት ነው? ቀናብኝ አይደል? በእኔ በሬ መደገሱ ቀፈፈው? ሲንካላ ስንት ጠየቃችሁ?»

«ምንም አልጠየቀም።»

«ሰው ምንም አይጠይቅም? አትሞኚ፣ እትዬ!» ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደ። ከዚያ ድምፁ ለሰለሰ፤ አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ። «እሺ ስሚኝ። ልጅ ነበርኩ። አጥፍቻለሁ። ሽማግሌው ቤት ይሠራለት፤ ጡብ፣ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ በእኔ። ሰኞ ይጀመር። የጎማ ሱቅም እከፍትለታለሁ። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ስሜን ግን ተይው። ልጆች አሉኝ። ስም ቢጠራ ለእሱ ምን ይጠቅመዋል? ቤት ነው የሚጠቅመው።»

ኤክሲልዳ ያንን የፕላስቲክ ጣራ አሰበች። እውነት ነው፤ ቤት ይጠቅመዋል። ሮዳ ከዝናብ ትድናለች። ሞፋትም ይረዳታል። የእናቷ አደራም አይፈርስም። ሐሳቡ ውስጧ ሲገባ ሞቅ አላት፣ ትከሻዋ ቀለላት፤ በጣም ስለጣማት ግን ጠረጠረችው። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት ጾማ ስትጨርስም ልክ እንዲህ ነበር የቀለላት። «ቤቱን ሥራለት» አለች። «ዕዳህ ነው፤ ሥራለት። ስምህን ግን እጠራዋለሁ። ከእኔ ቀድመህ ራስህ ብትናገረው ደስ ይለኛል፤ አንተ ብትቆም እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።»

«ዓይንሽን ያበራሁት እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ።

«አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥህ ብዬሃለሁ፤ አሁንም እልሃለሁ።»

«አንቺ ነሽ እኮ ዝም ያሰኘሽው! ያኔ ተናገር ብትዪኝ እናገር ነበር። የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ የምትዪኝን ሁሉ የምሰማ። አንቺ ነሽ አርፈህ ተቀመጥ ያልሽኝ። አሁን ማን አዘዘሽ? በዚህ ዕድሜሽ ማን አዘዘሽ?»

ይህ ልቧ ላይ ደረሰ፤ እውነት ስለሆነ። ተነስታ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች። «እግዚአብሔር ሃያ ስድስት ዓመት ሲያዘኝ ነበር» አለች። «ዛሬ ነው እሺ ያልኩት። አንተንም የበደልኩህ ያኔ ነው፣ ቻንሳዬ፤ ይቅር በለኝ።» አላቀፋትም። በሩን ራሷ ከፈተች፤ ሁልጊዜ እስከ አስፋልቱ የሚሸኛት ወንድሟ ከሶፋው አልተነሳም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ግጥም ብሎ ሞላ። ሹመቱ መቅረቱን ማንም አልሰማም፤ ሰዎች ሞፋት ግራጫ ሱፉን ትቶ በቅዳሜው ሸሚዝ መምጣቱን አይተው ይንሾካሾካሉ። የቻንሳ ወንበር ባዶ ነበር። ሚስቱ ከልጆቹ ጋር መጥታለች፤ ኤክሲልዳን ስታይ ፊቷን አዞረች፤ ስለዚህ ነግሯታል ማለት ነው። ፓስተሩ እኔም ልናገር ስትለው፣ «የጻፍሽውን ቀድሜ ልየው» ብሏት ነበር፤ የጻፍኩት የለም አለችው። ከመዝሙሩ በኋላ ሞፋት ቆሞ የራሱን ውሸት ተናገረ፤ አጭር ነበር፤ ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ኤክሲልዳ ወጣች። ሐሙስ ሐሙስ የምታስተምራቸው ሴቶች በነጭ ሻሻቸው ሦስት ረድፍ ሞልተዋል፤ ፌቢ ማስታወሻዋን ከፍታ እስክሪብቶ ይዛለች። ድምፅዋ ደረቷ ውስጥ ቀረባት፤ የወንድሟን ስም ጠርታ፣ ባሏን ዝም ያሰኘችው እሷ መሆኗን ተናግራ ስትጨርስ ግማሹ ሰው ሰምቷታል፣ ግማሹ ጎረቤቱን ምን አለች ይላል። ልትወርድ አንድ እግሯን አነሳች።

ከበሩ አጠገብ፣ ከመጨረሻው አግዳሚ፣ አንድ ነጭ ፀጉር ያለው ሰው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ብድግ አለ። ሚስቱ ክንዱን ይዛዋለች።

«ከኋላ አልተሰማም» አለ ሲንካላ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ፊት ዞረ። ኤክሲልዳ እግሯን መለሰች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ከመጀመሪያው ጀምራ፣ የወንድሟን ስም ከእነአባቱ፣ የራሷንም ስም ጨምራ፣ ጮክ ብላ ደገመችው።